ማንም ጥሎ ያልሄደበት የፍቅር ዘፈን ፍለጋ

ዛሬ ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ አገባ። ዘመኑ ኮሮና፣ ከተማው ቬጋስ፤ በርገር በምንቀበልበት ዓይነት መስኮት ሚስት ተቀበለ።

ሾፌሩም ዲጄውም እኔ ነበርኩ። ቃል ኪዳኑ እንዳለቀ የምወደውን የአማርኛ የፍቅር ዘፈን ለቀቅኩ። ዘፋኙ ገና አፉን ሲከፍት ጥላው ለሄደችው ሴት ማልቀስ ጀመረ። ሙሽራዋ ከማስኳ በላይ አፈጠጠችብኝ።

ቀየርኩት። ሁለተኛው ልሙት አለ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ልጅቷን ለሌላ ድረዋታል።

ስልኬ ላይ የፍቅር ዘፈን ሞልቷል፤ ተዋዶ አብሮ የሰነበተ ግን አንድም የለም!

ያጋባቻቸው ሴትዮ አዘነችልንና በመስኮቷ በኩል ከራሷ ስልክ የናይጄሪያ ዘፈን ከፈተችልን። ቀበቶ እንዳሰርን ጨፈርን።

ከኋላ የተቀመጡት የሙሽራዋ እናት ብቻ አልተወዛወዙም።

"ምን እያለ ነው?" አሉኝ።

"እወድሻለሁ እያላት ነው፣ እማማ።" ግማሹ ግምት ነው።

"እሷስ?"

"እሷም ትወደዋለች።"

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚዘፍነው?"

እናንተስ ሠርጋችሁ ላይ ምን ከፈታችሁ? ማንም ጥሎ ያልሄደበት የአማርኛ ዘፈን ያላችሁ ኮመንት ላይ ጣሉልኝ። ቅዳሜ የሠርጉ መልስ ላይም ዲጄው እኔ ነኝ፤ እማማ ግን የሚያስለቅሰውን ከወዲሁ አዘዋል።