የመሲ አንባቢ

ባለፈው ሳምንት ዓለም ባንክ ሰፈር ባለችው የሕንፃ ዕቃ ሱቄ ውስጥ አንድ ከረጢት ነጭ ሲሚንቶ ከትከሻዬ አምልጦ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሠራተኞቼ «ጋሼ፣ ለእኛ ይተዉልን» እያሉኝ ነበር፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬም ከነሱ እኩል ካልተሸከምኩ ምሳ አይበላልኝም፣ የወደቀውም ከረጢቱ ደካማ ሆኖ እንጂ እኔ ደክሜ እንዳይመስላችሁ። ሌላው ሲሚንቶ አሁን በፕላስቲክ ነው የሚመጣው፤ ነጩ ግን ዛሬም ወረቀት አልተወም። ጎንበስ ብዬ ቅዳጁን ሳነሳ የዚያ ወፍራም ቡናማ ወረቀት ሽታ፣ ደረቅ ደረቅ የሚል፣ ፀሐይ የመታው እንጨትና አቧራ የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ እዚያው ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። ሽታው ወስዶ የጣለኝ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ወደተማርኩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ማዶ ወደነበረችው ጠባብ ክፍል ነው።

በሯ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ዛሬ ትዝ አይለኝም፤ እኛ ግን «ነጥብ ቤት» ነበር የምንላት። ዓይነ ስውር የሆኑ ልጆች ከእኛ ጋር አንድ ክፍል ገብተው ይማሩና፣ በእረፍትና ከትምህርት በኋላ ነጥብ ቤት ሄደው ብሬል መጻፍና ማንበብ ይለማመዳሉ። የብሬል ወረቀት ወፍራም መሆን አለበት፣ ወፍራም ወረቀት ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ግንበኛ አባት ያለው ልጅ ሁሉ የሲሚንቶ ከረጢት ጠቅልሎ ያመጣል፣ ዱቄቱ ያልነካው የመሀሉ ድርብ ተላጦ ይወጣል፣ በምላጭ ተቆርጦ ይከመራል። ከዚያ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ላይ ጫፉ በሾለ መውጊያቸው ወረቀቱን መውጋት ሲጀምሩ፣ ቆርቆሮ ላይ ካፊያ የጣለ ነበር የሚመስለው። መምህራቸው ቲቸር ወርቁ ራሳቸውም ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራባታቸውን ከማንም ዓይናማ መምህር አሳምረው የሚያስሩ፣ አንዱ ልጅ ጫማውን አውልቆ ድምፁን አጥፍቶ ሊሾልክ ሲል «መሄዱንስ ሂድ፣ ካልሲህን ግን እጠበው» ብለው ክፍሉን በሳቅ የሚያፈርሱ ሰው።

እኔን ነጥብ ቤት ያስገባችኝ መሲ ናት። መሲ የጎረቤታችን የአናጢው የጋሽ ግርማ ልጅ ነበረች፤ ገና ድክ ድክ ስትል ኩፍኝ ዓይኗን ወሰደባት። አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። በብሬል የተጻፈ መማሪያ መጽሐፍ የሚባል ነገር ስላልነበረ እያንዳንዱ ዓይነ ስውር ልጅ የሚያነብለት ዓይናማ ጓደኛ ያስፈልገው ነበርና፣ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የመሲ አንባቢ እኔ ሆንኩ። እዚህ ላይ ራሴን ባሞግስ ማንም እንዳይቆጣኝ፤ እንደኔ ያለ አንባቢ ኮልፌ አላፈራችም። ታሪክ ሳነብ ንጉሡን በወፍራም ድምፅ፣ አሽከሩን በቀጭን አደርገዋለሁ፤ ሳይንስ ላይ የወባ ትንኝ ስትመጣ ጥዝዝ እላለሁ፤ ጂኦግራፊ ሲሆን ደግሞ ወንዞቹን እንደ ሬዲዮ ኳስ አስተላላፊ ነበር የማስኬዳቸው፣ ዓባይ ከጣና ተቀብሎ ሁለት ተራራ አታሎ ወደ ሱዳን ሲገባ የሚያጨበጭብ ሁሉ ነበረኝ። ዛሬ ሱቄ የሚመጡ መሐንዲሶች ስከራከራቸው የት ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ይጠይቁኛል። እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ የማውቀውን ያወቅሁት በራሴ ጥረት፣ አብዛኛውን ደግሞ እዚያ ዴስክ ላይ ለመሲ ጮክ ብዬ ሳነብ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ደረስንና ሚኒስትሪ መጣ። እኛ ትምህርት ቤት ከስድስት በላይ የለም፤ በአካባቢው ያለው የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ቤት ደግሞ ነጥብ ቤት የሚባል ነገር አያውቅም። ጋሽ ግርማ መጋዛቸውን አስቀምጠው ቁርጡን ተናገሩ።

«ካለፈች መሀል ከተማ አክስቷ ጋ እልካታለሁ፣ እዚያ ለነሱ የሚሆን ትምህርት ቤት አለ። ከወደቀች ግን በቃ፣ እናቷ ጋ ትቀመጥ። አስፋልት ላይ ስትንከራተት ማየት አልችልም።»

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነው። መሲ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም፣ እኔ በላሁላት።

እውነቱን ለመናገር እኔ አልሰጋሁም። ቲቸር ወርቁ የድሮ የፈተና ጥያቄዎች ይሰጡናል፣ እኔ አነባለሁ፣ መሲ መልሷን በነጥብ ትወጋለች፣ ሁልጊዜም ከፊተኞቹ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቲቸር የሷን ወረቀት በጣታቸው እየዳበሱ፣ የኔን ደግሞ እኔው ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አደረጉ።

«ሁለታችሁም የተሳሳታችሁት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው» አሉ። «ስህተታችሁም አንድ ዓይነት ነው።»

«ቲቸር ሙት አልኮረጀችም! በምን ዓይኗ ትኮርጃለች?» አልኩ።

«በዓይን ብቻ ነው እንዴ የሚኮረጀው?»

ለካ እኔ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልኩ ምርጫዎቹን ሳነብ፣ ትክክል የመሰለኝ ጋ ስደርስ ድምፄ ሳይታወቀኝ ይሞቃል፤ መሲም ሳይታወቃት የምትመልሰው ለጥያቄው ሳይሆን ለኔ ድምፅ ነበር። ቲቸር ጠረጴዛ አጠገብ የነበረች ሌላ መምህርት ጠርተው አዲስ ጥያቄ አስነበቧት፤ መሲ ግማሹን እንኳ አላገኘችም። ሚኒስትሪ ላይ ደግሞ አንባቢው ከሌላ ትምህርት ቤት የሚላክ፣ ድምፁን ሰምታው የማታውቀው ሰው ነው። መሲ መውጊያዋን አስቀመጠች።

«ስለዚህ እኔ ምንም አላውቅም ማለት ነው?»

«ታውቂያለሽ» አሉ ቲቸር። «ጆሮሽ ቀድሞሽ እየሮጠ ነው እንጂ። እስከ ፈተናው ድረስ ያላነበበልሽ ሰው እንዳይኖር።» ወደኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ሥራህ አንባቢ ማምጣት ነው። አፍህን ታሳርፈዋለህ።»

ከሥራ ተባረርኩ በሉት። ግን እኔ በማንኛውም ሥራ አንደኛ ነኝና በማግስቱ ሰፈሩን በሙሉ አንባቢ አደረግሁት። መጀመሪያ የያዝኩት ሙሌን ነው፣ ማዞሪያው ላይ የሚሠራውን ወያላ። ሚኒባሳቸው ተራ እስኪደርሰው ድረስ ከፌርማታው ድንጋይ ላይ መሲ አጠገብ ቁጭ ይልና፣ «ጦር ኃይሎች! አንድ ሰው!» ብሎ በሚጣራበት በዚያው ጉሮሮ ሒሳብ ያነብላት ጀመር። «ከሥዕሉ እንደምታዪው…» ብሎ ጀምሮ ድንገት ደርቆ ቀረ፣ አንገቱን እያከከ ዓይን ዓይኔን አየኝ። መሲ «አየሁት ባክህ፣ እለፍ» አለችው። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ስለ አንድ ስኳር ነጋዴ የሚጠይቅ ሒሳብ ደርሷቸው መሀል ላይ ተናደዱ። «ይሄ ሰውዬ ይከስራል! ኪራዩስ? የጫነበትስ?»

«ጋሽ ሸምሱ፣ ምርጫዎቹን ብቻ ያንብቡልኝ።»

«ምርጫው ውስጥ ትክክለኛው የለም የኔ ልጅ፣ ማን ነው ይሄን ያወጣው?»

እናቴ ጴንጤ ናት፣ ስለ ምግብ መፈጨት የሚያወራውን ጥያቄ ሁሉ ቸርች መድረክ ላይ እንዳለች አድርጋ ነበር የምታነበው፤ በየጥያቄው መጨረሻ «አሜን?» ትላለች፣ መሲም «አሜን፣ ሐ ነው» ትላታለች። መጀመሪያ አካባቢ መሲ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ በያንዳንዱ ሰው ድምፅ ውስጥ መልስ ትፈልግ ነበር፤ ታጣዋለች፣ ትሳሳታለች፣ ማታ ታለቅሳለች። ሲቆይ ሲቆይ ግን አንገቷ ቀና አለ። ወያላም ያንብብ ነጋዴ፣ ፊቷ የተኛ ውኃ ይመስላል፣ ጥያቄው ሲያልቅ ትንሽ ታስብና ትወጋለች፤ መልሷም እየተስተካከለ መጣ።

ፈተናው ሲቃረብ ቲቸር ወርቁ እኔን መልሰው ጠሩኝ። በጆሮዬ «አሳስታት» አሉኝ። እኔም ያለ የሌለ ጥበቤን አውጥቼ በተሳሳተው ምርጫ ላይ ድምፄን አሞቅሁ፣ አጣፈጥኩ፣ ማር አደረግሁት። መሲ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና በትክክለኛው ላይ ወጋች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

ቲቸር ጠረጴዛውን በደስታ ደበደቡት። እኔም ጨፈርኩ። ስጨፍር ግን ደረቴ አካባቢ አንድ ነገር ቀዝቀዝ አለኝ፣ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

የፈተናው ቀን እሷን ለብቻዋ ክፍል አስገቧት፤ እኔ በመስኮት በኩል የሚሻክር፣ ጉንፋን የያዘው የሚመስል የወንድ ድምፅ ይሰማኝ ነበርና የራሴን ፈተና ትቼ ለሷ ስጨነቅ ዋልኩ። ስትወጣ ሮጬ «እንዴት ያለ ድምፅ ነው ያለው? አስጠላሽ አይደል?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «አላስታውሰውም» አለች።

ውጤቱ ሲመጣ እኔ በጠባቧ በር ሾልኬ አለፍኩ፤ እሷ በትልቁ በር ገባች። ጋሽ ግርማ ውጤቱን ሲሰሙ አጥሩን ይዘው አለቀሱ፤ በአዲሱ ዓመትም አልጋዋን ራሳቸው ሠርተው አክስቷ ቤት አደረሷት። ከዚያ በኋላ ዴስክ ላይ አጠገቤ ማን ማን እንደተቀመጠ አላስታውስም። ጮክ ብዬ ያነበብኩበት ቀንም ትዝ አይለኝም።

መሲ ዛሬ የሕግ ባለሙያ ናት፤ ከሱቄ የማይርቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው። ከረጢቱ የተቀደደ ሳምንት እሁድ ቤቷ ሄድኩ። ስልኳ አንድ ረጅም ጽሑፍ እያነበበላት ነበር፤ አማርኛውን በሚያስደነግጥ ፍጥነት ያንበለብለዋል፣ እኔ አንድ ቃል ሳልይዝ እሷ መሀል ላይ ትስቃለች። ለኔ ቀስ እንድታደርገው ለመንኳት። ቀስ አደረገችው፤ እኔ መስማት ስጀምር እሷ ማዛጋት ጀመረች።

«ከኔ ይሻላል እንዴ?» አልኳት።

«አይታመም፣ አይቀር» አለችና ሳቀች። «ባለፈው ወር ብቻ ስንት መዝገብ ጨርሼበታለሁ መሰለህ።»

ልክ ናት፤ እኔም ብሆን እሱን እመርጥ ነበር። ግን ያ ስልክ ትንፋሽ አይወስድም። እኔ ገጽ ስገልጥ፣ ምራቄን ስውጥ፣ አየር ስስብ፣ በዚያች ክፍተት ነበር መሲ ስለ አባቷ ሳል የምትነግረኝ፣ ዛሬ ማን ከማን እንደተጣላ የምትጠይቀኝ፣ ደመና እጅ ላይ ቢያዝ ምን ምን እንደሚል የምትጠይቀኝ፣ እኔም ያለ የሌለውን የምቀባጥርላት፤ የልጅነታችን ወሬ በሙሉ የገባው እዚያ ውስጥ ነው። የቀዳችልኝን ሻይ ጠጥቼ እስክወጣ ድረስ፣ በተነጋገርን ቁጥር ስልኩን በጣቷ ማስቆም ነበረባት።