ለኩሬዬ የወጣ ጅጌ

ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከማሳችን ግርጌ ያስቆፈርነው የዓሣ ኩሬ የእኔም የባሌም ተስፋ ነው። ባሌ ውጫሌ በሄደበት ጠዋት መኖ ልበትን ብወርድ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህሉ፣ ማዶ የሚያሳዩ ክብ ነገሮች እየተከፈቱ እየተከደኑ ከቆሮሶ ዓሦቼ መሐል ይዋኛሉ። ዓይን የላቸው፣ ጭራ የላቸው።

ዝም ማለት አልፈጠረብኝምና ለጎረቤቴ ለእማማ ነገርኳቸው። ከኩሬዬ የሚተርፈውን ውሃ የምትጠጣው የሳቸው ላም ነች። አምና ደግሞ ጊደራቸውን አልቅት ጉሮሮዋ ገብቶ ገድሎባቸዋል። መጥተው አዩና ራሳቸውን ያዙ።

«ያ ረቢ! አልቅት ነው እኮ፣ ተራብቶልሻል!»

እኛ ዘንድ ሰው ሲቸገር ጅጌ ይወጣል፤ ሰፈሩ ተጠራርቶ ያግዘዋል። በማግስቱ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የተወቀጠ እንዶድ በባልዲ በባልዲው ይዞ ኩሬው ዳር ተሰለፈ። እንዶድ አልቅት ይገድላል፣ እውነት ነው። ዓሣውንም አንድ ሳያስቀር ይፈጃል። ይህን ያሰበ አልነበረም፤ እኔን ለመርዳት ተጣድፈዋላ!

ሊያግዝ የመጣን ሰው ተመለስ ማለት ነውር ነው። ቢሆንም ዓሦቼ ሆዳቸውን ገልብጠው ሲንሳፈፉ ታየኝና ነውሩን ረሳሁት። ባልዲዎቹ ፊት ቆሜ፣ «በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ዓሣዬን ነው የምትጨርሱብኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ላሜስ?» አሉ እማማ። «ያለችኝ እሷ ብቻ አይደለች?»

በሳቸው መናደድ አቃተኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ተንበረከክሁና ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነከርሁ። አልቅት ከሆነ ሥጋ አግኝቶ አይምርም። አንዱ ክብ መጥቶ ክንዴን ዳሰሰና አለፈ፤ ሌላውም ተከተለው። ፈርቼ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። በኋላ አንድ የዓሣ ባለሙያ ጄሊፊሽ እንደሚባልና የኩሬው ዓይነት ሰውም ከብትም እንደማይጎዳ ነግሮኛል። ያን ጊዜ ግን የነበረኝ ማስረጃ ክንዴ ብቻ ነው።

ሳወጣው እማማ ቀሙኝ። ገለበጡት፣ በጣታቸው ዳበሱት፣ ብብቴን ሳይቀር ፈተሹት። ጭረት እንኳ የለውም።

«ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው። «አልቅትስ አይደለም።»

ሰዉ ባልዲውን እንደያዘ እርስ በርሱ ተያየ። ያን ሁሉ እንዶድ ሲወቅጡ ያደሩት ሴቶች ቅር ማለታቸው ከፊታቸው ይነበባል። እማማ ዞር አሉባቸው።

«ምን ትገተራላችሁ? ጋቢያችሁንም ነጠላችሁንም አምጡና እንጠብበት፤ ጅጌ ወጥቶ ሥራ ሳይሠራ አይገባም! ግን ታች ሜዳው ላይ ይሁን። ጠብታ የልጄን ዓሣ እንዳይነካብኝ!»