የዝምታ ፉርጎ

ወንድሜ ኔቪል ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ሁሉ እንደ ሐሜት እንዳይቆጠርብኝ ነው። ሰባ ዓመቱ ነው። ዮርክ ከተማ ውኃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቱቦ ሲያስቀብር ኖሮ ጡረታ ወጣ። አላገባም፣ አልወለደም፣ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው የወንድሜን አፍ አላየም። ስለ ቱቦ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወይን ጠጅ ጠይቁት፤ አሳምሮ ይነግራችኋል። የልቡን ግን አይናገርም። እናታችን በተቀበረች ቀን እንኳ ከአፉ የወጣው "አበባው ጥሩ ነበር" የሚል ብቻ ነው።

አቭሪል ፔልን ያወቃት በወይን ቅምሻ ማኅበራችን ነው። በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ ስምንት ሆነን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ስድስት ጠርሙስ ተከፍቶ እናሸታለን፣ እንቀምሳለን፣ እንተፋለን፣ ከዚያም ያገኘነውን ጣዕም በየደብተራችን እንጽፋለን። አቭሪል ባሏ የሞተባት፣ ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ። ስድስት ዓመት ሙሉ ኔቪል ከጎኗ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ "ሚስዝ ፔል" እያለ አንቱ አላት። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ "ኔቪል፣ አንተ" ነው የምትለው። ካፖርቷን ይቀበላታል፣ ክረምት ሲሆን የመኪናዋን መስተዋት በረዶ ይፍቅላታል፣ ቧንቧዋ ሲያንጠባጥብ መጥቶ ይጠግንላታል። ከዚያ አንዲት ጋት አያልፍም።

ባለፈው መስከረም አቭሪል ቤቴ መጣች። ልጇ ታምሲን ከኒውዚላንድ "ነይና ከእኛ ጋር ኑሪ" እያለች ስትጨቀጭቃት እንደከረመች ነገረችኝ። ክፍል ተዘጋጅቶላታል። ቤቷንም የሚገዛ ሰው ተገኝቷል፤ ገዢው ቁርጡን የሚፈልገው የጥቅምት የመጨረሻው ሰኞ ነው። እንግዲህ ኒውዚላንድ የዓለም ጫፍ ነው፤ በስልሳ ስምንት ዓመት እዚያ የገባ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

"መሄዱን ወደሽዋል?" አልኳት።

ሻይዋን ስታማስል ቆየችና "የሚያስቀረኝ ነገር ቢኖር እቀር ነበር፣ ጂሊያን" አለችኝ። ነገር ያለችው ሰው ማለቷ መሆኑ ለግድግዳው እንኳ ይገባዋል።

በማግስቱ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ሳልሸፋፍን ነገርኩት። የጥቅምቱ ሰኞ ቁርጡ ነው፣ ካልጠየቅካት ሄደች ማለት ነው አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። እንደ ልማዱ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ይውላል ብዬ ስጠብቅ "በጉዞው ላይ እነግራቸዋለሁ" አለኝ። አቤት ደስ ያለኝ ደስታ!

ጉዞው ማኅበራችን በየዓመቱ አንድ ቅዳሜና እሁድ ውጭ አገር ሄዶ ወይን የሚቀምስበት ነው። ዘንድሮ ጀርመን አገር፣ ሞዝል ወንዝ ዳር ነበር፤ የመመለሻው እሁድ ደግሞ የሰኞዋ ዋዜማ። ሊቀ መንበራችን ዴሪክ ብራምሌ የአውሮፕላን ቲኬት ሊቆርጥልን ተዘጋጅቶ ሳለ፣ በስድስት ዓመት አንድ ቀን እጁን አውጥቶ የማያውቀው ወንድሜ ቆሞ በባቡር እንሂድ አለ። የአውሮፕላን ጭስ ሰማዩን እንዳበላሸው አስረዳ። በባቡር ጠርሙስ በእጅ ይዞ መመለስ እንደሚቻል፣ ፈሳሽ ጣሉ የሚል ፈታሽ እንደሌለ አስረዳ። ዴሪክ ሳቀበት። "እኔ ወይን ልቀምስ ነው የምሄደው እንጂ ልሰደድ አይደለም" አለው። አምስቱ አውሮፕላኑን መረጡ። ለባቡሩ መጀመሪያ እጇን ያወጣች አቭሪል ናት፤ ፈጥና ነው ያወጣችው፣ አይቻለሁ።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን እውነተኛውን ምክንያት ነገረኝ። "በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ ሳልጨርስ ይደርሳል። በባቡር ሲኬድ አሥራ አንድ፣ ሲመለስ አሥራ አንድ ሰዓት አለኝ።" እኔም አብሬያቸው እንድሄድ ለመነኝ፤ ሁለታችን ብቻ ከሄድን ሰው ምን ይለናል አለ። ሰውማ እሰይ ነው የሚላችሁ አልኩት። ግን ሄድኩ። ቲኬቱን ሁሉ እኔ ልቁረጥ ብሎ ራሱ ቆረጠ፤ ጉዳችን የመጣው ከዚያ ነው።

ዓርብ ጠዋት ዮርክ ጣቢያ ተሳፈርን። አቭሪል ቀይ ሻርፕ አድርጋ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ነው የመጣችው። ወንበራችንን አግኝተን ስንቀመጥ ዓይኔ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ምልክት ላይ አረፈ። የዝምታ ፉርጎ ነው። በአገራችን ባቡር ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ፉርጎ አለ፤ ስልክ አይነገርበትም፣ ሙዚቃ አይሰማበትም፣ ወሬ አይወራበትም። እኛ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ የምናከብረው እሱን ነው። ወንድሜ ይህ ፉርጎ ከተፈጠረ ጀምሮ ሌላ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ቲኬት በኢንተርኔት ሲቆርጥ እጁ ከልማዱ የተነሳ የዝምታውን ምልክት ነክቷል። ለጀርመኑ ባቡርም ነክቷል። ለመሄጃም ለመመለሻም።

ጎተት አድርጌ መተላለፊያው ላይ ወሰድኩት። "ኔቪል፣ ምን አደረግህ?"

ምልክቱን አየና ቀስ ብሎ ገባው። "ሁልጊዜ የምቀመጠው እዚህ ነው" አለኝ።

"ሌላው ፉርጎ ባዶ ነው። ይዘሃት ሂድ።"

"ቁጥራችን እኮ እዚህ ነው" አለ። "የሰው ወንበር ላይ እንዴት እንቀመጣለን?"

ምን ላድርገው? እንደቆመ መኪና ወርጄ አልገፋው! እስከ ለንደን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በመስኮት በግ ቆጠሩ። አንድ ጊዜ ከረሜላ ሰጣት፤ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ራሱ ደነገጠ።

ከለንደን ብራስልስ ያለው ባቡር የዝምታ ፉርጎ የለውም። አሁን ተገላገልን ብዬ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩላቸው። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። አቭሪልም ወደሱ ዞረች። ከዚያ ባቡሩ የሚያልፍበትን የባሕር ሥር ዋሻ እንዴት እንደቆፈሩት ይነግራት ጀመር። ስንት ማሽን እንደገባ፣ ስንት ሰው እንደሠራ፣ ውኃው እንዳይገባ ምን እንዳደረጉ። ቤልጂግ እስክንገባ ድረስ ዋሻውን አልጨረሰውም። እሷ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ ኋላ ትጠይቀው ነበር፣ ኋላ ዝም አለች። ጀርመን ላይ እንደገና የዝምታ ፉርጎ።

ቅዳሜ ዕለት ፍራው ዚመር የምትባል ወይን ጠማቂ ከወንዙ በላይ ባለው ምድር ቤቷ ተቀበለችን። እነ ዴሪክ እኛ አንድ ቀን ሙሉ ዘግይተን የደረስን ይመስል ጥግ ይዘው ይቀልዱብን ነበር። ሴትየዋ ነጭ ወይን እየቀዳች ስትዞር ኔቪልና አቭሪል አጠገብ ደረሰች። በሚገባን እንግሊዝኛ "ባለቤትዎ የትኛውን ወደዱት?" ብላ ወንድሜን ጠየቀችው። እግዜር ራሱ በር ከፈተለት አልኩ። እንደው ዝም ቢል፣ እንደው ፈገግ ብቻ ቢል ይበቃው ነበር።

"አይ፣ አይ፣ አይደሉም" አለ ወንድሜ ቲማቲም መስሎ። "ባለቤቴ አይደሉም። በጭራሽ። የማኅበራችን አባል ናቸው። በጭራሽ እንደዚያ አይደለም።"

ሦስት ጊዜ ነው የካደው። ያደረገው ለክብሯ ብሎ ነው፤ ሰው ፊት እንዳታፍር። አውቃለሁ፣ አብሬው ነው ያደግሁት። እሷ ግን ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ያን ቀን ከዚያ በኋላ አልቀመሰችም። በአፌ የያዝኩትን ወይን ጫማው ላይ ልተፋበት ምንም አልቀረኝ።

እሁድ ተመለስን። በጀርመኑ ባቡር ዝምታ። በባሕሩ ሥር እሷ ተኛች፤ እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ከለንደን ስንነሳ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። እኔ ከመተላለፊያው ማዶ፣ በትይዩአቸው ነበርኩ። ውጪው ይዘንባል። ፒተርቦሮ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ አቭሪል ወደሱ ዞር ብላ በሹክሹክታ፣ ግን እኔ ልሰማው በምችለው ድምፅ፣ "ኔቪል፣ ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር አለ?" አለችው።

ይኸው። ስድስት ዓመት ያቃተውን እሷ ጀመረችለት። የወንድሜ ከንፈር ተከፈተ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ጸልዬ አላውቅም።

ከፊታቸው የነበረ ጋዜጣ የሚያነብ ሰውዬ ዘወር አለና በጣቱ ምልክቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ሌላ ምንም አላደረገም።

"ይቅርታ" አለው ወንድሜ። "በጣም ይቅርታ።"

ሰውዬው ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። አቭሪል ግን ዓይኗን ከኔቪል ላይ አላነሳችም። ያኔ ኔቪል የወይን ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። እርሳሱን አወጣ። መጻፍ ጀመረ። ወይኔ ወንድሜ፣ ተባረክ፣ ጻፈው አልኩ በሆዴ፤ እንዲያውም የሱ ነገር በጽሑፍ ይሻላል። ቆም አለ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ከዚያ ደብተሩን ወደሷ ገፋ አደረገላት። አንገቴን እንደ ዝይ አስግጌ አነበብኩት፤ አላፍርበትም።

"ዮርክ ስንደርስ ሻንጣዎን እኔ አወርድልዎታለሁ" ይላል።

አቭሪል ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እርሳሱን ከእጁ ወስዳ ከሥሩ "አመሰግናለሁ" ብላ ጻፈችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ዮርክ ስንደርስ በእርግጥም ሻንጣዋን አወረደላት። ታክሲ ድረስ ተሸክሞላት ሄደ።

ሰኞ ለገዢው እሺ አለችው። በጥር ሄደች። የስንብቱን ዕለት ወንድሜ መኪናዋ ዘንድ ቆሞ እጇን ጨበጣትና መልካም መንገድ ተመኘላት። በአውሮፕላን ሃያ ስድስት ሰዓት መንገድ ነው።

አሁን እሁድ እሁድ ጠዋት ትደውልለታለች። ምሳ የምበላው እሱ ዘንድ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። እዚያ በጋ ነው፣ እዚህ በረዶ ነው። እዚያ ነፋስ ነበረ፣ እዚህ ጭጋግ ነበረ። አሥር ደቂቃ ስለ አየር ያወራሉ፤ ከዚያ "ደህና ይሁኑ፣ ሚስዝ ፔል" ይልና ስልኩን ይዘጋል። መጀመሪያ በየሳምንቱ ነበር። አሁን አንዳንዴ ይዘላል። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች መጥተው ቢያዩት እላለሁ። ቤቱ ውስጥ ወንድሜ እየነቀዘ ነው። ወይን መቅመስ ትቷል፤ ሐሙስ ሐሙስ ጉንፋን ይዞኛል ይላል።

ባለፈው እሁድ ስልኩ ሳይደወል ቀረ። ሥጋውን ቆርጠን በልተን ስንጨርስ፣ ሳልጠይቀው፣ ሳህኑን እያየ ተናገረ።

"ጂሊያን፣ እሳቸው ያውቁ ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ?"

ምኑን ብዬ የምጠይቅ ሞኝ አይደለሁም። "ታውቅ ነበር፣ ኔቪል" አልኩት። "ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዴሪክ እንኳ ያውቅ ነበር።"

ከስንት ወር ወዲህ ያላየሁት ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ፤ ከባድ ሸክም ያራገፈ ሰው ይመስል ነበር።

"እንግዲያው" አለ፣ "መናገሩ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው።"

ተነስቶ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረ። እኔም ፎጣ ይዤ ከጎኑ ቆምኩና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምንም አላልኩትም።