የአንገት ሰው ዊልመር

ዊልመር ክራይደር ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ወጣ፤ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ የማይነቃነቅ እምነት። እምነቱ ስለ እግዜር ቢሆን ኖሮ የሰፈሩ ቄስ ደስ ባላቸው ነበር። ግን ስለ ጥይት ቀለህ ነው።

በስተምፕ ሆሎው የዒላማ ተኳሾች ክበብ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ጥይት ገዝቶ የሚተኩስ ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም። ሁሉም በየምድር ቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱን ይሠራል። ታዲያ አንድ ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ ያብጣል፤ እንደገና ባሩድና እርሳስ ከመያዙ በፊት በብረት ማጥበቢያ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ልኩ መመለስ አለበት። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ አንገቱ ብቻ ይጥበብ ወይስ ሙሉ አካሉ? ይህች ጥያቄ ወንድማማቾች አኳርፋለች። አንድ እጮኝነትም አፍርሳለች ይባላል፤ መቼም ልጅቱ ሌላም ምክንያት ሳይኖራት አይቀርም።

ዊልመር የአንገት ሰው ነው። «ቀለህ አንዴ ከተተኮሰ የጠብመንጃህን ልክ ያውቃል» ይላል። «ያወቀውን ለምን ታስረሳዋለህ? አንገቱን ያዝ አድርገውና ተወው።»

የሚስቱ የቨርና ወንድም ክላይድ ደግሞ የሙሉ ሰው ነው። «ያበጠ ነገር አንገቱን ስላነቅከው ሆዱ ይቀንሳል እንዴ? ካላመንከኝ መስታወት ፊት ቁም» ይለዋል።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በምሳ ሰዓት ይህንኑ ተባባሉ። ቨርና ድንቹን በመካከላቸው አስቀምጣ ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች።

ዘንድሮ በነሐሴ ግን ነገሩ ከረረ። ክላይድ በሰው ሁሉ ፊት፣ «የጥቅምቱ ውድድር ይፍረደን። የተሸነፈ ደወሉን መትቶ ‹ያንተ መንገድ ልክ ነበር› ይበል» አለ። ደወሉ ከአሮጌ የእሳት አደጋ መኪና ተነቅሎ በመንደሩ አዳራሽ የተሰቀለ ነው። በስተምፕ ሆሎው ደወል መትቶ የተናገረ ሰው ቃሉን አያነሳም፤ በ1962 አንዱ ሰክሮ ደወሉን መትቶ «ከእንግዲህ አሳ አልበላም» አለና እስኪሞት ድረስ ዶሮ ሲበላ ኖረ።

ዊልመር እሺ አለ። ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ከክላይድ አፍ ለመስማት አንድ ኩላሊቱን ይሰጥ ነበር።

ችግሩ ቀለሆቹ ነበሩ። ሰባት ሰባት ጊዜ ተተኩሰው፣ አንገታቸው ብቻ እየጠበበ፣ ወገባቸው እንደ ባለቤታቸው ሰፍቷል። የጠብመንጃው መዝጊያ በመዳፍ ካልተመታ አልዘጋ አለ። በተመታ ቁጥር ደግሞ ጠብመንጃው ካረፈበት የአሸዋ ትራስ ይንሸራተታል። ዒላማው ላይ በአንዲት ሳንቲም መሸፈን የነበረባቸው አምስት ቀዳዳዎች የቡና ሲኒ ያህል ተበተኑ። ዊልመር ስህተቱን በልቡ አወቀው፤ አፉ ግን እሺ አላለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሙሉ አካል የሚያጠብብ ማጥበቢያ በፖስታ አስመጣና በማቀዝቀዣው ውስጥ ከአጋዘን ሥጋ ሥር ደበቀው። ዳሩ ግን ሙሉ አካሉ የሚጠብ ቀለህ ቅባት ይፈልጋል፤ አለዚያ ማጥበቢያው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። የአንገት ሰው ቅባት ምን ያደርግለታል? ከሃርላን ሱቅ ቢገዛ ደግሞ ሃርላን ቅባቱን ሳይጠቀልል ወሬውን ይጠቀልላል። ስለዚህ ዊልመር የሚስቱን የእጅ ቅባት አነሳ፤ ከበግ ፀጉር ስብ የሚሠራውን።

«ዊልመር፣ የእጅ ቅባቴን አይተኸዋል?» አለች ቨርና።

«የት አውቄ።»

«እጅህ እንደ ሕፃን ቂጥ ለስልሷል።»

«እርጅና ነው።»

«እርጅና ያሻክራል እንጂ መቼ ያለሰልሳል?»

«የክራይደሮች ይለያል።»

ቨርና በማግስቱ የአጋዘን ሥጋ ስታወጣ ማጥበቢያውን አገኘችው። ሥጋውን ወስዳ ብረቱን በአተር ከረጢት መልሳ ሸፈነችው።

የውድድሩ ቀን ዊልመርና ክላይድ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የዊልመር መዝጊያ በሁለት ጣት ተገፍቶ ይዘጋል። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አምስቱን ተኮሰ። ከጎኑ አልፎ አልፎ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ክላይድ ተናዶ ጠረጴዛ የሚመታ መሰለው።

እንደ ልማዱ ዒላማው ሳይለካ ተጨባበጡ። ክላይድ እጁን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ምንድን ነው የምትሸተው? በግ?»

 የዊልመር ዓይን የክላይድ መዳፍ ላይ ነበር፤ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ድረስ ሰማያዊ ሆኗል።

«እጅህን ምን ነካው?»

«በር።»

«የምን በር?»

«ዝም በል ዊልመር።»

ሁለቱም እጃቸውን ወደየኪሳቸው ከተቱ። አንዱ ሌላውን ቢያጋልጥ ራሱም ይጋለጣል።

ዊልመር አሸነፈ። አዳራሹ በዶሮ መረቅ ሽታ ተሞልቶ ሳለ ክላይድ ተነሳ፣ ደወሉን በደህና እጁ መታና፣ «ዊልመር፣ ያንተ መንገድ ልክ ነበር» አለ። ሰው አጨበጨበ።

ዊልመር ደስታውን ጠበቀ። አልመጣም። አሥራ አራት ዓመት የናፈቃት ዐረፍተ ነገር ጆሮው ስትገባ የታሰበው ያ የጠቆረ መዳፍ ነበር። ይህ ሁሌ የሚያላግጥበት ሰው ነገሩን ሲሰማው ኖሯል ማለት ነው፤ ሰምቶም አምኖ፣ አንገቱን ብቻ አጥብቦ ሞክሮታል፣ መዝጊያውን ሲመታ መዳፉ እስኪጠቁር። በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ አምኖት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱ ግን አታሎታል። ዊልመር በጣም አፈረ።

የምግብ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ሄዶ ደወሉን መታ።

«ልክ የነበረው ክላይድ ነው። ያሸነፍኩት በሱ መንገድ ነው፤ ሙሉ አካሉን አጥብቤ።»

ሃርላን ማኘክ አቆመ። ክላይድ ዊልመርን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄ ከአንገት በላይ ነው ወይስ ከልብህ?»

«ከሙሉ አካሌ።»

«ከኔም ቅባት» አለች ቨርና ሳህን እየሰበሰበች።

አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ ሁለቱ ምን እንዳደረጉ ያሰበ አልነበረም። ሁለቱም ደወል መትተዋል። ደወል ተመትቶ የተነገረ ቃል ደግሞ አይነሳም።

በሚቀጥለው እሑድ ክላይድ መዳፉን በፋሻ ጠቅልሎ ለምሳ መጣ።

«አንገቱን ብቻ ነው» አለ፣ ወንበሩን ስቦ ሳይጨርስ። «ቀለህ የጠብመንጃህን ልክ ያውቃል።»

«ያበጠ ነገር» አለ ዊልመር፣ «አንገቱን ስላነቅከው ሆዱ ይቀንሳል እንዴ?»

ቨርና ድንቹን በመካከላቸው አስቀመጠች። ከድንቹ አጠገብ ሁለት አዲስ የእጅ ቅባት ነበር፤ በአንደኛው ክዳን ላይ «የቨርና»፣ በሁለተኛው ላይ «የቀለህ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።