ስድስተኛውን አልሰጥም

ጥርስ ሕክምና ክፍላችን ውስጥ «ቆጣሪዋ» የምንላት ረዳት ነርስ አለች። ስሙን ያወጣላት ሐኪሙ ነው። ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀለው የመብራት ቆጣሪ፣ አዩኝ አላዩኝ ሳትል ሥራዋን ትሠራለች ማለቱ ነበር። ለማሾፍ ያለውን እሷ ወደደችው። ወንበሩ ላይ የወጣን ሕፃን ሁሉ፣ ማንም ሳያዛት፣ አፉን አስከፍታ ጥርሱን ከፊት ወደ ኋላ ትቆጥራለች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ሳትቆጥር ያሳለፈችው ልጅ የለም። እኔ የካርድ ክፍል ጸሐፊ ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም ጥፋቱ ከእኔ እስክሪብቶ ስለጀመረ ነው።

የወተት ጥርስ ከመሐል ጀምሮ በየጎኑ አምስት ነው። ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከአምስቱ ኋላ አንድ መንጋጋ ይወጣል። ቦታ ለመልቀቅ የሚወድቅ ጥርስ ስለሌለ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። ወላጅ የወተት ይመስለዋል። እሱ ግን የዕድሜ ልክ ነው፤ አንዴ ከተነቀለ ምትክ የለውም። ቆጣሪዋ ይህን መጀመሪያ ያወቀችው ከመጽሐፍ አይደለም። ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ «ሌላ ይበቅላል» ብሎ ነቅሎባታል፤ እጇን ጥርቅም አድርጋ የያዘችው ደግሞ የገዛ አክስቷ ነበረች። «እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ጠዋት ጠዋት በምላሴ እየዳሰስኩ ጠብቄዋለሁ» ብላ አጫውታኛለች። ከልቧ ስትስቅ ክፍተቱ ይታያል፤ እጇን አፏ ላይ አታደርግም።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ አባት ጉንጯ ያበጠ የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቷ ከአምስት ወር በፊትም መጥታ ነበር። ያኔ ሐኪሙ እየነገረኝ ካርዷ ላይ «የቀኝ ታች፣ የመጨረሻው መንጋጋ ይነቀል» ብዬ ጽፌያለሁ። በእኛ ቤት ወረፋ ሲበዛ የጥርስ ቁጥር የሚጽፍ የለም፤ «የመጨረሻው» ብለን እንገላገላለን። ሕመሙ ለጊዜው ሲተዋት አባትየው ሳይመልሳት ቀረ። በዚያን ጊዜ የመጨረሻው አምስተኛው ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ከኋላው ስድስተኛው ወጥቷል፤ ካርዱ ግን ያው ነው።

ያን ቀን ኮሪደሩ ሰው በሰው ሆኗል። ቆጣሪዋ የልጅቷን ጥርስ ቆጥራ ስትጨርስ ሐኪሙ ገባ፣ ካርዱን አየት አደረገና ማደንዘዣውን ወጋ። ያበጠው ድድ አምስተኛውን ሊሸፍነው ምንም አልቀረውም፤ ስድስተኛው ላይ ደግሞ ጥቁር ነጥብ አለ። ለቸኮለ ሰው ጥፋተኛው ስድስተኛው ይመስላል። እኔ የቀጣዮቹን ካርድ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ።

«ጉጠት» አለ ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ።

ቆጣሪዋ ጉጠቱን ከትሪው አነሳችና አልሰጠችውም። «የትኛውን ሊነቅሉ ነው ዶክተር?»

«ካርዱ ላይ አለ። የመጨረሻውን።»

«የመጨረሻው ስድስተኛው ነው። ስድስተኛውን አልሰጥም።»

«ሲስተር፣ እዚህ ክፍል ሐኪሙ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ስጪኝ።»

«ይቁጠሩና እሰጥዎታለሁ።»

አባትየው ጭንቅ ይዞታል። «እህቴ፣ እህል ከቀመሰች ሁለት ቀኗ ነው። የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ሌላ ይበቅላል» አላት።

ይሄኔ ነደዳት። ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደች፤ ከንፈሯን በጣቷ ወደ ጎን ስባ ክፍተቱን አሳየችው። «እኔንም ሌላ ይበቅላል ብለውኝ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በቅሏል?»

ሐኪሙ ግን ብሶበታል። «ከዚህ ክፍል እንደማስወጣሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ያስወጡኝ፤ ጉጠቱን ይዤ ነው የምወጣው።»

ካርዱን የጻፍኩት እኔ መሆኔ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። «ዶክተር፣ ያ ካርድ የአምስት ወር ነው» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«እሰይ፣ አንቺም ተነፈስሽ» አለችኝ ሳትዞር።

ሐኪሙ የቆጣሪዋን አፍ ለማስያዝ ብቻ መስተዋቱን አነሳ። ልጅቷ ግማሽ ፊቷ እንደደነዘዘ አፏን ያለ የሌለ ኃይሏን አሟጣ ከፈተችለት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ጮክ ብሎ ጀመረ። አራት ላይ ድምፁ ቀነሰ። ያበጠውን ድድ ገለጥ ሲያደርገው ከአምስተኛው ሥር መግል ወጣ። አምስት ማለቱን ማንም አልሰማውም። ቆጣሪዋ በእጇ ያሸችውን ጉጠት አስቀምጣ፣ ጓንቷን ቀይራ፣ ከታሸገው ሌላ ከፍታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። አምስተኛውን ለመንቀል አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

እንዲህም ሆኖ በሦስተኛው ቀን «የሐኪም ትእዛዝ አልተቀበለችም» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣላት። የከሰሳት ሐኪሙ ነው። ልክ መሆኗ ሳይሆን ሰው ፊት መናገሯ ነው ያንገበገበው። እኔ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። እሷ ግን አንብባ፣ ከግርጌው «እምቢ ማለቴ እውነት ነው። ነገም እላለሁ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ «የመጨረሻው» የሚለውን ቃል ካርድ ላይ ጽፌ አላውቅም።

ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ ስድስተኛውን ልታስሞላ ተመለሰች። ሐኪሙ ወንበሩ አጠገብ ቆሞ፣ መስተዋቱን ሳይነካ «ሲስተር፣ ቁጠሪ» አለ። ቆጠረች። ጥርሱ ተሞልቶ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ከወጣች በኋላ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ እሷን ሳያይ፣ «ያንን ደብዳቤ ከፋይልሽ ላስወጣልሽ?» አላት።

«አይውጣ» አለችው። «እኔ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ቀን እምቢ ያለልኝ ሰው አልነበረም። ለዚች ልጅ እንደነበረላት የተጻፈበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።»