አንዴ ብቻ የሚሳብ ቃታ

ሚስቴ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ዓኽርያ ሰፈር ያለችውን ሱቄን እከፍታለሁ፣ ሲመሽ እዘጋለሁ፤ በመሐል የተሠራውን እጄ ያውቀዋል እንጂ እኔ አላውቀውም። የስፌት ማኪና፣ ቁልፍ፣ ፕሪሙስ፣ የመጣልኝን ሁሉ እጠግን ነበር። ከወሎ ተነሥቼ አስመራ የገባሁት በጎረምሳነቴ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ የአደን ጠመንጃ የሚያድስ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር፤ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ከተማው ሲቀዘቅዝበት ሞርሳውንና ሞረዶቹን ለእኔ ትቶ አገሩ ገባ።

በሐዘኑ ሰሞን ሰው ሁሉ አልቅስ፣ ይውጣልህ ይለኝ ነበር። የሚወጣ ነገር አልነበረኝም። ወጡ ጨው ይኑረው አይኑረው አልለይም። አንድ ቀን ጣቴን በሞረድ ልጬው ኖሮ፣ ያወቅሁት ደሙ ጠረጴዛው ላይ ሲንጠባጠብ አይቼ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከቀትር በፊት፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ገቡ። ነጠላቸው ንጹሕ፣ ጫማቸው የተወለወለ። ማይ ተመናይ በሚባለው ሰፈር አንዲት ጣሊያናዊት ቤት ሃያ ዓመት ያህል እንዳገለገሉ፣ እመቤቲቱ ወደ አገሯ ስትሄድም ቪላውን በአደራ እንደተወችላቸው ነገሩኝ። አማርኛቸውን ትግርኛው ይቀድመው ነበር። ከዘንቢላቸው ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ ሥር፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

መዳፍ የምታክል ባለመዘውር ሽጉጥ ነበረች፤ ስድስት ትናንሽ ጥይት ትጎርሳለች። መዶሻዋ ከገላዋ ውስጥ የተሸሸገ ስለሆነ በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ አይቻልም። መዘውሩን ማዞሩም መዶሻውን ማንሣቱም የቃታው ሥራ ነው። ባዶ መሆኗን አረጋግጬ ሳብ አደረግሁት። ለእኔም ከበደኝ። የእሳቸው ጣቶች ደግሞ በልብስ አጠባ ብዛት አንጓቸው አብጦ ተጣመዋል።

‹‹ወደይ፣ ልጄ፣ ይህን ቃታ አላላልኝ›› አሉኝ። ‹‹በሁለት እጄም እምቢ አለኝ።››

በዚያ ዘመን መሣሪያ ይዞ መገኘት በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። ፈቃድ አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በእመቤቲቱ ስም የተጻፈ ወረቀት አሳዩኝ። ሌባ ፈርተው ከሆነ ዘበኛ ቢቀጥሩ ይሻላል አልኳቸው።

‹‹ለሌባ አይደለም›› አሉ። ‹‹ብዙም አልስበው። አንዴ ብቻ ነው።››

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያንን ቃል አውቀዋለሁ። ከቀብሩ ወዲህ ባሉት ወራት፣ በባቡሩ ሐዲድ በኩል ባለፍሁ ቁጥር፣ ያለ ሐዘንም ያለ ፍርሃትም፣ ልቤ እንዲሁ ‹‹አንዴ ብቻ ነው›› ይለኝ ነበር። ሌላ ሰው አፍ ላይ ስሰማው ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል ብዬ አላሰብሁም። ሐሙስ ይምጡ አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ሽጉጧን ፈታኋት። ውስጧ ሁለት ሞላ አለ። ቀጭኑ ቃታውን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ወፍራሙ መዶሻውን ይወረውራል። የዚህ ዓይነት ጥይት የሚቀጣጠለው ጠርዙ ሲመታ ነው፤ በደንብ ካልተመታ አይነቃም። ጣሊያኑ አሠሪዬ ቃታ ለማለስለስ በመጣለት ቁጥር፣ ጣት ይረፍ፣ መዶሻው ግን አይራብ ይለኝ ነበር። ቀጭኑን ሞላ ቀይሮ ወፍራሙን በጥቂቱ መቀነስ፣ የሚፋተገውንም ብረት ማለስለስ፤ ሥራው ይኸው ነው።

አሮጌ ብረት ወደሚሸጥበት መደበር ገበያ ወርጄ፣ ከተፈታቱ የጽሕፈት ማኪናዎች መሐል የሚሆን ሽቦ ፈልጌ መጣሁ። ቀጭኑን ሞላ እንደ ሙያው ሠራሁት። መዶሻውን የሚወረውረውን ወፍራሙን ግን ሆን ብዬ አራብሁት። አንድ ጥይት ትተውልኝ ስለነበር ከጓሮ አሸዋ በሞላው ጆንያ ላይ ደግኜ ሞከርሁ። ቃታው እንደ ቅቤ መጣ፤ መዶሻው ጠቅ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ጥይቱን ሳወጣው ጠርዙ ላይ ጥፍር የጫረው የመሰለ ምልክት ብቻ አየሁ።

ሐሙስ መጡ። ባዶዋን ሰጥቻቸው በአንድ ጣት ሳቡ። ‹‹ብሩኽ ኩን፣ ወደይ›› ብለው መረቁኝና ከሽንኩርቱ ሥር መልሰው ይዘዋት ሄዱ። ነፍስ አዳንሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ጠረጴዛውን ጠርጌ አንድ የተሰበረ ቁልፍ ማገላበጥ ጀመርሁ።

አሥር ቀን ያህል ቆይተው ተመለሱ። ሽጉጧን ፊቴ አስቀምጠው ቁጭ አሉ።

‹‹ስድስቱንም ሳብሁ›› አሉኝ።

ያኔ ነው ነገሩን ከሥሩ የነገሩኝ። እመቤቲቱ ከቪላው ጋር ያረጀ ውሻ ትታላቸው ነበር። ጉሮሮው ላይ እብጠት ወጥቶበት መዋጥ አቃተው፤ ቀን ሌሊት ያቃስታል። ያክመው የነበረው የእንስሳት ሐኪም ከሌሎቹ ጣሊያኖች ጋር አገሩ ገብቷል። ለእመቤቲቱ ደብዳቤ አስጻፉ፤ እንዳይሠቃይ አድርጊው፣ ሽጉጧ መሳቢያ ውስጥ አለች የሚል መልስ መጣ። ጎረቤት በዱላ ልገላግልሽ ቢላቸው እሺ አላሉም፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ በእጃቸው ያጎረሱት ነው። ጓሮ ወስደው ራሱን ጭናቸው ላይ አስተኙና ሳቡ። ጠቅ። ደግመው ሳቡ። ጠቅ ባለ ቁጥር ውሻው ጆሮውን ያነሣ ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ቆይቶ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት በጨርቅ የሚያንጠባጥቡለትን ውኃ እንኳ መዋጥ አልቻለም።

‹‹ጥይቱ አርጅቶ ነው?›› ብለው ጠየቁኝ።

እወ፣ አርጅቶ ነው ብል ያልቅ ነበር። እሳቸውም የፈለጉት ይህን ይመስለኛል።

‹‹አይደለም፣ ኣደይ›› አልሁ። ‹‹ሞላውን ሆን ብዬ ነው ያደከምሁት። ለራስዎ የፈለጉት መስሎኝ ነበር።››

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝም ግድ አልነበረኝም።

‹‹ለራሴ?›› አሉ በመጨረሻ። ‹‹የእኅቴን ሦስት የሙት ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝ። ለመሞት ማን ጊዜ ሰጥቶኝ።›› ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ‹‹አንተ ግን፣ ማን ሞቶብህ ነው?››

ሚስቴ አልሁ። ምን አሟት ነበር አሉኝ። ነገርኋቸው፤ በወሊድ እንደሆነ፣ ትኩሳቱ ሦስት ቀን እንደቆየ፣ ሕፃኑም እንዳልተረፈ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ ግን የሌላ ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ነበር። አሁን ይመጣል ብዬ እንባዬን ጠበቅሁ። አልመጣም። እሳቸውም ያጽናህ ምናምን አላሉኝም፤ በተጣመሙት ጣቶቻቸው የነጠላቸውን ጥለት እያሻሹ ሰሙኝ።

ሽጉጧን ከነወረቀቷ ፖሊስ ጣቢያ ሊያስረክቡ መወሰናቸውን ሲነግሩኝ፣ እንደነበረችው ትሁን ብዬ አሮጌዎቹን ሞላዎች መለስሁላቸው። ሊነሡ ሲሉ፣ የሰፈሩ ውሾች የውሻቸውን መቃብር እየቆፈሩ እንዳስቸገሯቸው፣ ድንጋይ የሚያነሣላቸው ሰው እንዳጡ ነገሩኝ። ና አላሉኝም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አውቶቡስ ይዤ ማይ ተመናይ ፌርማታ ላይ ወረድሁ። ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። ጓሮው ውስጥ ከአጥሩ የፈረሰ ድንጋይ ስለነበር እያመላለስሁ የተቆፈረው አፈር ላይ ከመርሁ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። እሳቸው ደጃፍ ቆመው ያዩኛል። የበደልሁት በመሆኑ ከድንጋዩ ሥር ላለው አንድ ነገር ማለት የሚገባኝ መሰለኝ፤ የሚባለው ጠፋኝ።

እጄን ታጥቤ ስጨርስ ሻሂ አቀረቡልኝ። ስኳሩ በዝቶ ነበር። ጣፋጭነቱ ታወቀኝ፤ ብርጭቆውን ጨርሼ ሁለተኛ ጠየቅሁ።