ያልደረቀው ግድግዳ

ስልኩ ሲጠራ ብርጭቆዎችን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ካርቶን ውስጥ እደረድር ነበር። ዕለቱ እሑድ ነው፤ ማክሰኞ ከኪራይ ቤት ወጥተን ወደ ራሳችን ቤት ልንገባ ቀን ቆርጠናል። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት አለፍ ብሏል። ስልኩ ላይ የወጣው የባለቤቴ ቁጥር ስለነበር ሰላም እንኳ ሳልለው፣ «ምሳህ እኮ ሁለቴ ሞቀ፤ ሦስተኛ አላሞቅልህም» አልኩት። ቀጥሎ የሰማሁት የሌላ ሰው ድምፅ ነው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ፤ የሕንፃው ዘበኛ። አጠገብዎ ሰው አለ?»

ማንም የለም አልኩት።

«እንግዲያው ቁጭ ይበሉ» አለኝ።

ቁጭ አልኩ። በእጄ የያዝኩትን ብርጭቆ ጠቅልዬ ጨረስኩና ካርቶኑ ውስጥ አስገባሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም። ዘበኛው የነገረኝን እስከ መጨረሻው ሰምቼ፣ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምሳው እንደተከደነ ትቼው ወጣሁ።

ባለቤቴ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። በአንድ ጋራዥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። የሥራ ጓደኞቹ «አቧራ» ይሉታል። ቀለም እየረጨ ሳለ በር የከፈተ ሰው ካለ፣ አለቃም ይሁን ደንበኛ፣ «አቧራ!» ብሎ ይጮህበት ስለነበር ነው። ስሙ ቤት ድረስ ተከትሎት መጣ። እኔ መጥረጊያ ሳነሳ እሱ ተነሥቶ የተሰቀለ ሸሚዙን በላስቲክ ይሸፍናል። እርጥብ ቀለም ላይ ባረፈች አንዲት ትንኝ ምክንያት አንድ ሙሉ በር ፍቆ እንደገና የቀባ ሰው ነው። ትንኟን ግን አልረገማትም። ጥፋቱ ቀዳዳውን ያልደፈነው የራሱ ነው ብሎ ሲቆጭ አመሸ።

ዓይኑ ለብቻው የተፈጠረ ነበር። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ የሚያልፈውን መኪና አይቶ፣ «የዚህ የግራ በሩ ተቀብቷል፤ ቀቢው ደግሞ ቸኩሏል» ይለኛል። እኔ አንድ ዓይነት ቀይ ነው የሚታየኝ። ነጭ የሚባል ቀለም የለም ይላል፤ የወተት ነጭ አለ፣ የአጥንት ነጭ አለ፣ የኖራ ነጭ አለ፣ ሌሎቹን ረስቼአቸዋለሁ። ቀለም ሲደባልቅ የሚለካበት ነገር አልነበረውም። ጣሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ጠብ ያደርጋል፣ ያማስላል፣ ጥፍሩ ላይ ቀብቶ ወደ ብርሃን ያወጣዋል። አንድም ጊዜ ወረቀት ላይ አስፍሮ አያውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት ጋራዡ ቀለም የሚያነብ መሣሪያ አመጣ። መኪናው ላይ ያስጠጉታል፣ ከየትኛው ቀለም ስንት ግራም እንደሚገባ ጽፎ ያወጣል። ባለቤቴን አላባረሩትም። የመኪናውን መስታወትና መብራት ቀለም እንዳይነካው በጋዜጣና በፕላስተር እንዲሸፍን፣ ጎድጓዳውን የሚሞላ ስቱኮ እንዲለጥፍና በብርጭቆ ወረቀት እንዲፈትግ አደረጉት። ይህን የነገረኝ ከስምንት ወር በኋላ ነው። እኔ ግን አውቄ ነበር። የሥራ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ልብሱ ላይ አዲስ ቀለም ማየት ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። እሱ ዝም አለኝ፣ እኔም ዝም አልኩት። ልጅ አልወለድንም፤ በሁለት ሰው ቤት ውስጥ ዝምታ ቦታ አያጣም።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሳሎንና መኝታ ቤት ነው። ሲያስረክቡን ግድግዳው ልስን ብቻ ነበር። የላይኞቹ ፎቆች ገና አላለቁም፤ ግቢው ውስጥ የአሸዋና የሲሚንቶ ክምር አለ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር በመስኮት ይገባል። የምንኖርበትን ክፍል ደግሞ አከራያችን ለሚመለስ ልጇ ስለፈለገችው እስከ ወሩ መጨረሻ እንድንለቅላት ጠይቃናለች። ሃያ አራት ቀን ነበረን።

አዲሱን ቤት የሚቀባልን ታናሽ ወንድሜ ነው ብዬ ለራሴ ወስኜ ነበር። የወንድሜ ሥራ ቤት መቀባት ነው። ቁልፉን በተረከብን ማግስት ሦስታችን ሄደን አየነው። ወንድሜ ሐኪም የበሽተኛ ግንባር እንደሚነካ መዳፉን በየግድግዳው ላይ እያሳረፈ ዞረ። መኝታ ቤቱ ገብቶ መስኮቱ ያለበት የውጭ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። ግድግዳው ውሃውን ገና አልጨረሰም፤ ሌላው ይቀባ፣ ይሄኛው ግን መስኮቱ ተከፍቶለት አንድ ወር ይቆይ፣ እናንተ ገብታችሁም ቢሆን መጠበቅ ይችላል አለ።

«ያላለቀ መኪና ከጋራዥ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?» አለው ባለቤቴ።

«ለመሆኑ የምቀባው እኔ አይደለሁም እንዴ፣ ጋሼ? ሌላ ማን አለ?»

«እኔ ሞቼ ነው?»

ወንድሜ ሳቀ። ሁለቱ ሲገናኙ መተራረብ ልማዳቸው ነው፤ እኔም ከመስኮቱ ጋ ቆሜ እየሳቅኩ ነበር። ወንድሜ ግድግዳ እንደ ቆርቆሮ አይደለም፣ ይተነፍሳል፣ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል አለው። ባለቤቴም ስቱኮ ሲለጥፍና ሲፈትግ የኖረ ሰው ከአማቹ ትምህርት እንደማያስፈልገው ነገረው።

«አንተ ሩሎ ነው የምታንከባልለው» አለው። «ማንከባለልማ ጥንዚዛም ትችላለች።»

«አይ ጋሼ፣ እርስዎም እኮ አሁን የሚሸፍኑት መስታወት ነው አሉ። ቀለሙንማ ማሽኑ . . .»

ወንድሜ መሐል ላይ አቆመ። ነገሩን ከየት እንደሰማው አላውቅም፤ የቀቢ አገር ጠባብ ነው። አፉን ለመያዝ ግን ዘግይቷል። ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ልስኑን በጥፍሩ እየጫረ ቆየ። ወንድሜ ጫማውን ያይ ጀመር፤ ትንሽ ቆይቶ ሥራ አለኝ ብሎ ተሰናብቶን ወጣ።

ደረጃውን ስንወርድ ባለቤቴ ከፊት ከፊቴ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሳይዞር፣ «አንቺ ሴት፣ ማን ይቀባው ትያለሽ?» አለኝ።

ወንድሜ ልክ እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራው ነው። የባለቤቴን ልብስ የማጥበው ግን እኔ ነኝ።

«አንተ ቅባው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት መልካም ነበሩ። ከጋራዥ ሲወጣ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል፣ ሲመሽ ፀጉሩ ላይ ቀለም ይዞ ይመጣል። ልብሱን ዘፍዝፌ ነጠብጣቡን ስፈትግ የማይለቀውን እንዳለ ተውኩት። ሳሎኑን እሱ በመረጠው የአጥንት ነጭ ቀባው። መኝታ ቤቱን አንቺ ምረጪ አለኝ። የቀለም ስም አላውቅም። «እንደ ዳቦ ውስጥ ያለ፤ የቅርፊቱ ሳይሆን የልቡ» አልኩት። በማግስቱ ከቁርስ ላይ አንድ ቁራሽ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ሲመለስ፣ «አገኘሁት» አለኝ። ዳቦውንስ ስለው፣ ቀለሙን ከዳቦው ጋር አንድ ካደረገ በኋላ መበላቱን ነገረኝ። ሄጄ ሳየው በእርግጥ የዳቦ ልብ ነው። ጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት ሞቅ ይላል።

ሦስቱን ግድግዳ እንዲህ ቀባቸው። አራተኛው፣ የውጩ፣ እምቢ አለው። ስቱኮው ይለጠፋል፣ በማግስቱ ሲነኩት እንደ ሊጥ ይለጠጣል። እራት ላይ ስለዚያ ግድግዳ ሲያወራ ስለ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ዛሬ ትንሽ ሻል ብሎታል ይለኛል፣ ወይም ዛሬ አኩርፏል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ደወለ።

«እታለም፣ የጋሼ ግድግዳ እንዴት ነው? መስኮቱን እንዳይዘጋው ንገሪልኝ። አየር ካላገኘ በምንም አይደርቅም። እኔ ብነግረው አይሰማኝም፣ አንቺ ንገሪው።»

እሺ አልኩት። ማታ ባለቤቴ መጥቶ እጁን ሲታጠብ፣ «አማቼ ደውሎ ነበር እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምን አለ ሲለኝ ፊቱን አየሁት፤ ደክሞታል፣ ደስ ብሎታል። የወንድሜን ምክር ባቀብለው ያ ቀን ተመልሶ ይመጣል፣ ልስኑን በጥፍሩ የጫረበት ቀን።

«ሰላም ይልሃል» አልኩት።

እሑድ ጠዋት የከሰል ማንደጃ ስጪኝ አለኝ። ጋራዡ የማድረቂያ ክፍል ሳይኖረው ድሮ ስቱኮ የተለጠፈበትን በር የሚያደርቁት ከሰል አስጠግተው ነበር፤ ግድግዳውንም እንደዚያ አደርቀዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እቀባዋለሁ አለ። ጋዜጣም ፈለገ። ነፋሱ አሸዋ እያነሣ ያስገባል፣ ትኩስ ቀለም ላይ አንድ ፍሬ አቧራ ካረፈ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ለብርጭቆዎቹ ካስቀመጥኩት ጋዜጣ ላይ ግማሹን ቆጥሬ ሰጠሁት። ማንደጃ የጠየቀኝ አንድ ነበር። ለአዲሱ ቤት የገዛሁት ሌላ ስለነበረ፣ «አንዱ ምን ይሠራልሃል? ይሄንንም ውሰድ» አልኩት። ሁለቱንም አንጠልጥሎ ወጣ።

ዘበኛው ባለቤቴን ያገኘው አንድ ቁልፍ ሊጠይቀው ወጥቶ ነው። ሲያንኳኳ መልስ አጣ፤ በሩ አልተቆለፈም ነበርና ገባ። የመኝታ ቤቱ በር ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ተወትፎበት ስለነበር በትከሻው ነው የገፋው። ባለቤቴ ካልተቀባው ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ጥግ ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ብርጭቆ ወረቀቱ በእጁ ነበር። ዘበኛው የተኛ መስሎት ሁለት ጊዜ ጠርቶታል።

እኔ ስደርስ ወደ ሐኪም ቤት ወስደውታል፤ ለወጉ ያህል ነው። መስኮቱ ላይ ያለውን ጋዜጣ ማንም አልነካውም። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ የታጠፈ፣ ፕላስተሩ አንድም ቦታ ያልተሸበሸበ። አንዲት ቀዳዳ አልነበረችውም። የመጣው ፖሊስ እንዲህ ያለ አሸፋፈን አይቼ አላውቅም አለ። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ እንቅልፍ እንደሚመጣ ነው የሚመጣው ብሎ አስረዳኝ። አመሰገንኩት።

ቀብሩ ላይ ከጋራዡ ሽማግሌዎች አንዱ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ድሮ ከሰል የሚያነዱበት መጠለያ አንዱ ጎኑ ክፍት እንደነበር ነገረኝ። «ጎኑን መዝጋት እንፈልግ ነበር፣ ለአቧራው። ሸራ ግን አልነበረንም» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ወንድሜ ብቻዬን ሲያገኘኝ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«እታለም፣ የመስኮቱን ነገር ነግረሽው ነበር?»

«ነግሬዋለሁ።»

«እና አልሰማኝም።»

«አልሰማህም።»

ወንድሜ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ግትር ነበር ጋሼ አለ፤ ያን ቀን ስለ ማሽኑ ባላነሣበት ኖሮ እልህ አይገባም ነበር አለ። እሱ መስኮት ይከፈት ያለው ለቀለሙ ብሎ ነው፤ ስለ ከሰሉ አያውቅም ነበር። ቢሆንም መስኮት መስኮት ነው። ይህን ወሬ አሁን ጋራዡም ያውቀዋል። አቧራ በእልሁ ሞተ ይላሉ፣ የአማቹን ምክር ንቆ። ባለቤቴ ትንኟን እንኳ ያልረገመ ሰው ነበር። ምክሩን አልናቀም፤ አልደረሰውም።

ለቅሶው ሲያበቃ የኪራይ ክፍሉን ለቅቄ ወደ አዲሱ ቤት ገባሁ። ሌላ የምሄድበት የለኝም። ሳሎኑ ውስጥ እተኛለሁ። ጋዜጣውን ከመስኮቱ ላይ አንድ ባንድ አነሣሁት፤ ፕላስተሩ መስታወቱ ላይ ምልክት አልተወም፣ ጥሩ ሸፋኝ ምልክት አይተውም ይል ነበር። ማንደጃዎቹን ለዘበኛው ሰጠሁት። መስኮቱ ቀንም ማታም ክፍት ነው። አቧራ ይገባል፣ ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ አነሣዋለሁ።

ትናንት ወንድሜ ሩሎውን ይዞ መጣ። ከዳቦው ቀለም ጣሳው ውስጥ የቀረው ለአንድ ግድግዳ አይበቃም። እንዴት እንደደባለቀው የሚያውቅ የለም። ወንድሜ ከተቀባው ላይ ትንሽ ፍቆ ጋራዥ ወስዶ በመሣሪያው ሊያስነብበው አሰበ፤ ሰዎቹ በደስታ ያደርጉልሻል አለኝ። ከዚያ መዳፉን ያልተቀባው ግድግዳ ላይ አሳረፈ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«ደርቋል» አለኝ። «ወር ከሳምንት ፈጀበት። ቢሰማኝ ኖሮ . . .»

ሩሎውን ከመሬት አነሣ።

«ልቀባው፣ እታለም?»

ትንሽ ይቆይ አልኩት። ሩሎውን እንደ ደረቀ ይዞ ተመለሰ።

ግድግዳው ደርቋል፣ አልተቀባም። መልእክቱን ለባለቤቴ እንዳላደረስኩት ለወንድሜ አልነገርኩትም።